ወንበር ላይ የተቀመጠ ጭፈራ

የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ዳንስ የቼሎን ብቸኛ ዜማ እንዴት ወረሰው?

ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ከአንድ ወንበርና ጥግ ላይ ከቆመ ፒያኖ በስተቀር ምንም የለበትም። የጣውላው ወለል በብዙ ጫማ ተረግጦ መሐሉ ነጣ ብሏል። ወጣቷ ቼሎ ተጫዋች መሣሪያዋን ከሳጥኑ አውጥታ፣ የደጋኑን ጸጉር ወጥራና ሙጫ ቀብታ ተቀምጣለች። ልትጫወት ያሰበችው የባኽን የመጀመሪያ ስዊት ሚኑዌት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ተፈትናበታለች፣ አልፋበታለች፣ እውነቱን ለመናገር ሰልችቷታልም። ደጋኑን ክሩ ላይ ልታሳርፍ ስትል የዳንስ አስተማሪዋ እጃቸውን አነሱ።

«አስቀምጪው» አሏት። «ተነሽና በእግርሽ ተጫወችው።»

ልጅቷ ፈገግ አለች፤ አስተማሪዋ ግን አልቀለዱም። ስድስት ቁጠሪ አሏት። ከአንድ በፊት ጉልበትሽን ሰበር አድርጊ፤ አንድ ሲባል በቀኝ እግርሽ ከፍ በይ። ሁለት ላይ እንደገና ሰበር፣ ሦስት ላይ በግራሽ ከፍ። አራት ቀኝ፣ አምስት ግራ። ስድስት ላይ ጉልበትሽ ለሚቀጥለው ዙር ይዘጋጅ። አራት እርምጃ፣ ስድስት ምት።

ሲያወሩት ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው ሦስት ላይ ነው። ሙዚቃው ክብደቱን የሚጥለው አንድና አራት ላይ ሲሆን፣ እግሩ ግን አንድና ሦስት ላይ ይነሳል። ጆሮ ወደ አንድ ወገን፣ እግር ወደ ሌላ። ልጅቷ ሦስት ጊዜ ተደናቅፋ በአራተኛው ገባት። ከዚያ ወደ ወንበሯ ተመልሳ ያንኑ ሚኑዌት ስትጫወተው ፍጥነቱ አልተለወጠም፣ አንድም ኖታ አልተጨመረም። ነገር ግን በየሁለተኛው ምት የደጋኑ ክብደት ቀለል ማለት ጀመረ፤ ሰው እግሩን ከማንሳቱ በፊት ትንፋሹን እንደሚሰበስበው።

አስተማሪዋ ምንም አላሉም። ወደ መስኮቱ ሄደው ውኃቸውን ጠጡ።

ግማሹን የምናውቀው ሙዚቃ

የቼሎን ስም የማያውቅ ሰው እንኳ የዚህን ስዊት መግቢያ ሲሰማ «ይቺንማ አውቃታለሁ» ይላል። በፊልም፣ በማስታወቂያ፣ በሰርግና በቀብር ሲሰማት ኖሯል። ያቺ መግቢያ ግን ደጃፍ ብቻ ናት። ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ለብቸኛ ቼሎ የጻፋቸው ስዊቶች ስድስት ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ከመግቢያው ቀጥሎ አምስት ክፍል አላቸው። አምስቱም የጭፈራ ስም የያዙ ናቸው፦ አልማንድ፣ ኩራንት፣ ሳራባንድ፣ ከዚያ እንደ ስዊቱ ሚኑዌት ወይም ቡሬ ወይም ጋቮት፣ መጨረሻ ላይ ዚግ። (ቡሬ ከጎጃሟ ከተማ ጋር የስም እንጂ የሥጋ ዝምድና የለውም፤ መነሻው የፈረንሳይ ገጠር ነው።)

ጀርመናዊ ሰው፣ ከጣሊያን በመጣ መሣሪያ፣ በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት በሠለጠነ ጭፈራ፣ ማንም እንዳይጨፍርበት አድርጎ የጻፈው ሙዚቃ። ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። ማንም የማይጨፍርበት ከሆነ ጭፈራነቱ ምኑ ላይ ነው?

ማሲንቆ ተጫዋች ቤቱ ብቻውን ተቀምጦ የሰርግ ዜማ ሲገርፍ ያየ ሰው ጥያቄው አይከብደውም። ሙሽራ የለም፣ እልልታ የለም፤ ትከሻው ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ንጉሡ ሲጨፍር

ነገሩ የሚጀምረው ከፓሪስ ነው። በ1653 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሥራ አራት ዓመቱ ሉዊ 14ኛ ሌሊቱን ሙሉ በዘለቀ ትርዒት ላይ የፀሐይ ልብስ ለብሶ ወጣ። መኳንንቱ ያመጹበት የእርስ በርስ ጦርነት ገና መርገቡ ነበር። ያመጹት ሰዎች አሁን ተመልካች ሆነው ተቀምጠዋል፤ ልጁ ንጉሥ በወርቅ አጊጦ፣ በሙዚቃ ምት፣ እንደ ንጋት ፀሐይ ብቅ አለባቸው። ለመልእክቱ አዋጅ ነጋሪ አላስፈለገም።

ከዚያ በኋላ በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት መጨፈር የጨዋታ ነገር መሆኑ ቀረ። በ1661 ንጉሡ የዳንስ አካዳሚ አቋቋመ። በታላቁ ግብዣ አንድ ጥንድ ብቻ ወደ መሐል ይወጣል፤ ንጉሡ ተቀምጦ ያያል፣ ባለሟሉ ሁሉ ቆሞ ያያል። እርምጃ የሳተ ሰው ክብሩንም ይስታል። የመኳንንት ልጅ የሆነው ሞንብሮን በ1692 በአንድ ልዑል ሰርግ የደረሰበትን የዘመኑ ጸሐፊ ሴን ሲሞን በማስታወሻው አስፍሮታል፦ ጎበዝ ጨፋሪ ነኝ ብሎ አስወርቶ፣ መሐል ላይ ምቱ ጠፋበት፤ በእጁ ማጌጥ ሊሸፍነው ቢሞክር ሳቁ ባሰ። በሚቀጥለው ግብዣ ሊክስ ቢመለስ አዳራሹ እንደገና ሳቀበት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ከዓይን ተሰወረ።

*እርምጃ የሳተ ሰው ክብሩንም ይስታል።*

ለዚህ ሁሉ ጭፈራ ሙዚቃ ያቀርብ የነበረው ፍሎሬንስ ተወልዶ ፈረንሳዊ የሆነው ዣን ባፕቲስት ሉሊ ነው። ሉሊ ኦርኬስትራውን የሚመራው ወለሉን በረጅም ዘንግ እየደበደበ ነበር። የኛ ሊቃውንት መቋሚያ ይዘው ሲዘምሙ ያየ ሰው አሠራሩ አይገርመውም፤ የሚገርመው መጨረሻው ነው። በ1687 መጀመሪያ ንጉሡ ከሕመሙ በማገገሙ ለምስጋና በተዘጋጀ ዝማሬ ላይ ዘንጉን የገዛ እግሩ ጣት ላይ ጣለው። ቁስሉ መረቀዘ፤ በመጋቢት ሞተ።

ከሉሊ ሞት በኋላ ጭፈራው ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ አገር ለአገር እንዲዞር ያደረገው አንድ መጽሐፍ ነው። ራኡል ኦዤ ፌዬ በ1700 ጭፈራን በወረቀት ላይ የመጻፊያ ዘዴ አሳተመ። ጨፋሪው የሚሄድበት መንገድ በመስመር፣ የእግሩ ሥራ በመስመሩ ላይ በምልክት፣ ኖታው ከላይ። ፓሪስ የተፈጠረ ጭፈራ ከእንግዲህ በፖስታ መሄድ ቻለ። በጀርመን ያሉ ትንንሽ መሳፍንት ሁሉ የቬርሳይን ኑሮ ለመኮረጅ ይሽቀዳደሙ ስለነበር የፈረንሳይ ዳንስ አስተማሪ መቅጠር እንደ ጥሩ ፈረስ መግዛት ሆነ። ላይፕዚግ ላይ ጎትፍሪድ ታውበርት የተባለ የዳንስ መምህር ከሺህ ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ስለ ጭፈራ አሳተመ፤ የፌዬንም ሥራ ወደ ጀርመንኛ መልሶ አካተተበት። ዓመቱ 1717 ነበር። ባኽ ኮተን ወደተባለችው ትንሽ ከተማ ሄዶ የልዑል ሊዮፖልድ የሙዚቃ አለቃ የሆነውም በዚያው ዓመት ነው።

የታገደችው ሳራባንድ

ከጭፈራዎቹ ሁሉ የሳራባንድን ያህል ጠባዩን የቀየረ የለም። ስሙ መጀመሪያ የሚገኘው በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን፣ በስፔን ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው መካከለኛው አሜሪካ ነው። ወደ ስፔን የተሻገረችው ሳራባንድ በጊታርና በእጅ ቃጭል የምትጨፈር፣ ፈጣንና ለዓይን የማታፍር ነበረች። በ1583 በሕግ ታገደች። እገዳ ደግሞ ለጭፈራ ማዳበሪያ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ሳራባንድ ድንበር ተሻግራ ፈረንሳይ ገባች።

ፈረንሳዮቹ አለበሷት ማለት ይቻላል። ፍጥነቷን ቀነሱ፤ በሦስት ምት መሐል ሁለተኛውን አከበዱት፤ ከንቅናቄዋ ይልቅ ቆም ማለቷን አስዋቡት። በባኽ ዘመን ሳራባንድ የስዊቱ ልብ ናት። ተጫዋቹ አንደኛው ምት ላይ ይረግጣል፣ ሁለተኛው ላይ ይዘገያል፣ ሦስተኛው ላይ የቀረውን ትንፋሽ ያወጣል።

በአምስተኛው ስዊት ያለችው ሳራባንድ ግን ከሁሉም ትለያለች። ቼሎ ሁለትና ሦስት ክር በአንዴ ሊያሰማ ይችላል፤ ሌሎቹ ሳራባንዶች በዚህ የተሞሉ ናቸው። እዚህ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነጠላ መስመር ብቻ። ድጋፍ የለ፣ ጌጥ የለ። በኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች የሞቱት ሰዎች አንደኛ ሙት ዓመት በ2002 ሲታሰብ፣ የሟቾች ስም እየተነበበ ቼሎ ተጫዋቹ ዮ ዮ ማ የተጫወተው ይህችኑ ነበር። በብልግና የታገደች ጭፈራ ናት፤ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የሐዘንተኛ ድምፅ ሆነች።

ፈረንሳይን ያላየው ሰው

ባኽ ፈረንሳይን ረግጦ አያውቅም። ታዲያ ከየት ተማረው? ልጁ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ ባዘጋጀውና በ1754 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ መልሱ አለ። ባኽ በአሥራ አምስት ዓመቱ ሉኔቡርግ ወደተባለች ከተማ ለትምህርት ሄዶ ሳለ፣ አብዛኛዎቹ ተጫዋቾቹ ፈረንሳዮች የሆኑትን የጼለ መስፍን ኦርኬስትራ በተደጋጋሚ ይሰማ ነበር። የመስፍኑ ሚስት ፈረንሳዊት ናት። በሃይማኖታቸው ምክንያት ከሉዊ 14ኛ የሸሹ ፕሮቴስታንቶች በአካባቢው ተጠልለው ነበር። ንጉሡ ያባረራቸው ሰዎች የንጉሡን ጭፈራ ይዘው ተሰደዱ።

ኮተን ላይ ደግሞ የተመቻቸ ነገር ገጠመው። ልዑሉ ሙዚቃ ወዳድ፣ ራሱም የቪዮላ ዳ ጋምባ ተጫዋች ነበር። የቤተ መንግሥቱ ሃይማኖት ካልቪናዊ ስለሆነ ለቤተ ክርስቲያን የተራቀቀ ዝማሬ አይጠየቅም፤ ባኽ ጊዜውን ለመሣሪያ ሙዚቃ አዋለው። ተጫዋች አላነሰውም፤ የፕሩሺያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም በ1713 ሲነግሥ ወታደር ይሻለኛል ብሎ የበርሊንን ኦርኬስትራ ሲበትን ከተባረሩት የተወሰኑት ኮተን ገብተው ነበር። የቼሎ ስዊቶቹ በዚህ ዘመን እንደተጻፉ ይታመናል። በባኽ በራሱ እጅ የተጻፈ ቅጂ ግን አልተገኘም፤ ዋናው መመኪያችን ሁለተኛ ሚስቱ አና ማግዳሌና የገለበጠችው ነው።

አንድ ነገር ልብ ይሏል። ባኽ የጭፈራዎቹን ስም በፈረንሳይኛ ይጻፈው እንጂ ሁሉም የፈረንሳይ ጠባይ የላቸውም። ኩራንት የሉዊ 14ኛ ተወዳጅ ዳንስ፣ ዘገምተኛና ምቷ የሚያሳስት ነበረች፤ ከስድስቱ የቼሎ ኩራንቶች እንደዚያ የምትሄደው የአምስተኛው ስዊት ብቻ ናት። የቀሩት በጣሊያን ስልት ይሮጣሉ። አልማንድ ደግሞ ስሟ «ጀርመናዊት» ማለት ነው፤ ፈረንሳዮች ከጀርመን የመጣች ብለው ሰየሟት፣ ጀርመኖች ፈረንሳይኛ ስሟን ይዘው መልሰው ወሰዷት፤ በባኽ ዘመን ማንም አይጨፍራትም ነበር። በአጭሩ ባኽ ኮራጅ አልነበረም። ሙሉ በሙሉ ፈረንሳይኛ መናገር ሲፈልግ በአምስተኛው ስዊት ተናገረው፦ መግቢያው እንደ ሉሊ ኦፔራ መክፈቻ እየተጎማለለ ይገባል፣ ዚጉም በፈረንሳይ አኳኋን ያነክሳል። የላይኛው ክር ሳይቀር አንድ ድምፅ ወርዶ እንዲቃኝ አዟል፤ መሣሪያው ራሱ የጨለመ ድምፅ ይዞ ይነሳል።

ከወለሉ በታች የነበረው መሣሪያ

ቼሎ ለዚህ ሥራ መመረጡ ሊያስገርም ይችላል። በጭፈራ ኦርኬስትራ ውስጥ የቼሎ ሥራ ታች ሆኖ ቤዙን መያዝ ነበር። ዜማውን ቫዮሊኖች ይወስዳሉ፤ ጨፋሪው ግን እግሩን የሚያሳርፈው ቤዙ ላይ ነው። ቼሎ ተጫዋች ጭፈራን የሚያውቀው ከሥሩ ነው፤ ቤት የሚያውቀውን መሠረቱን ከጣለው ሰው በላይ ማን አለ?

*ጨፋሪው እግሩን የሚያሳርፈው ቤዙ ላይ ነው።*

ባኽ ያንን ሰው ከታች አውጥቶ ብቻውን ወንበር ላይ አስቀመጠውና ሁሉንም ሁን አለው፦ ዜማውንም፣ ቤዙንም፣ ጨፋሪውንም። በአንድ ደጋን እንዴት ይቻላል? ዘዴው የጆሮ ማታለል ነው። ተጫዋቹ አንድ ዝቅ ያለ ኖታ ነክቶ ወዲያው ወደ ላይ ይዘላል፤ የታችኛው ድምፅ ቢጠፋም ሰሚው በልቡ ይዞት ይቆያል። ሦስተኛው ስዊት ውስጥ ያለውን ቡሬ የሰማ ሰው ሁለት ሰው የሚጫወት ቢመስለው አይፈረድበትም።

እግሩ ደግሞ ደጋኑ ላይ አለ። ጌዮርግ ሙፋት የተባለ፣ በወጣትነቱ ፓሪስ የተማረ ሙዚቀኛ በ1698 የሉሊን ተጫዋቾች ሕግ ጽፎ አስቀምጧል። ዋናው ሕግ፦ የእያንዳንዱ የምት ዙር (ባር) የመጀመሪያ ምት ደጋን በመሳብ ይመታል። የክንድ ክብደት በተፈጥሮው ወደ መሳቡ ስለሚያደላ ያ ምት ሳይገፉት ይከብዳል። መግፋት ግን ቀላል ነው፤ እግር እንደማንሳት። በሦስት ምት ጭፈራ ሕጉ ያስቸግራል፤ ሳብ፣ ገፋ፣ ሳብ ከተባለ የሚቀጥለው ባር መግፋት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ወይ ሁለቱን ቀላል ምቶች በአንድ ግፊት ይወስዷቸዋል፣ ወይ ደጋኑን ከክሩ አንስተው እንደገና ይስባሉ። ያቺ ማንሳት፣ ያቺ የዓይን ጥቅሻ የምታህል ዝምታ፣ የጨፋሪው ጉልበት የሚሰበርባት ቅጽበት ናት።

የዘመኑ ክሮች ከአንጀት የተሠሩ ነበሩ፤ እንደ በገና። አንጀት ላይ ደጋን ሲያርፍ ድምፁ በትንሽ መንከስ ይጀምራል፣ ቶሎም ይከስማል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ብረት ክር ግን ረጅምና ለስላሳ ድምፅ ይሰጣል፤ ያማረ ነው፣ እርምጃዎቹን ግን ያጣብቃቸዋል።

ፈረንሳዮቹ ራሳቸው በዚህ ጊዜ ምን ያደርጉ ነበር? ቼሎን ይንቁ ነበር። የነሱ ክቡር መሣሪያ ቪዮል (ልዑል ሊዮፖልድ የሚጫወተው ቪዮላ ዳ ጋምባ) ነው፤ ማረን ማሬ ጭፈራዎችን በስዊት እየደረደረ አምስት መጽሐፍ ያሳተመው ለቪዮል ነው። ሁበር ለ ብላን የተባለ ሰው በ1740 ቪዮልን ከቫዮሊንና «ከጉረኛው» ቼሎ የሚከላከል መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል። ክሱ ጊዜው ያለፈበት ነበር፤ ያ መጽሐፍ ሲወጣ የፈረንሳይ ጭፈራዎች ለቼሎ ከተጻፉ ወደ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል፣ እሱ ግን አያውቅም።

ይጨፈርበት ወይስ አይጨፈርበት?

ከዚያ በኋላ ስዊቶቹ ለረጅም ጊዜ እንደ ጣት ማፍታቻ ተቆጥረው ኖሩ። በ1890 የአሥራ ሦስት ዓመቱ ፓብሎ ካሳልስ ባርሴሎና ውስጥ በአንድ አሮጌ ኖታ ሻጭ ቤት አገኛቸው፤ በሰው ፊት ሳይጫወታቸው አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ተለማመዳቸው። ስድስቱንም በ1936 እና በ1939 መሐል በሸክላ ሲያስቀርጽ ዓለም ሰማ።

የዛሬው ክርክር ከዚህ ይነሳል። በዕድሜ የገፉ የቼሎ መምህራን ብዙዎቹ ከካሳልስ መንገድ የመጡ ናቸው፤ «ይህ ጸሎት ነው፣ ምቱን ልብህ ይወስነው» ይላሉ። የአንጀት ክር የሚዘረጉት ወጣቶች በተቃራኒው «ጸሎትማ ቢሆን ሚኑዌት ባላለው ነበር» ባዮች ናቸው። የዳንስ ሰዎች ግድ የሚሰጣቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰው በዚህ ፍጥነት ጉልበቱን ሰብሮ ሊነሳ ይችላል ወይስ ይወድቃል?

እኔ በአብዛኛው ወደ ዳንስ ሰዎቹ አደላለሁ፤ ሁሉም ቦታ ላይ ግን አይደለም። አልማንድ በባኽ ዘመንም ጨፋሪ ስላልነበራት እንደፈለገች ብትንሸራሸር አልከራከርም። ሚኑዌት፣ ቡሬና ጋቮት ግን በእግር የማይሄዱ ከሆነ ስሕተት ናቸው፤ የፈለገውን ያህል ቢያምሩም። ሳራባንድን ደግሞ ሁለተኛው ምት እስኪጠፋ ድረስ የሚጎትቷት ተጫዋቾች ትልቅ ነገር የሠሩ ይመስላቸዋል። ለኔ እንቅልፍ ነው።

ወደዚያ ክፍል ልመለስ። ትምህርቱ ሲያልቅ ወጣቷ ለአስተማሪዋ «ታዲያ መድረክ ላይ እየጨፈርኩ አልጫወትም፤ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልኛል?» ብላቸው ነበር።

«አንቺ አትጨፍሪም፤ የሚሰማሽ ሰው ግን እግር አለው» አሏት።

እናንተም ብትሞክሩት አይከፋም። የመጀመሪያውን ስዊት ሚኑዌት ክፈቱ፣ ቁሙ፣ ስድስት ቁጠሩ። አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ላይ ብቻ እርገጡ። ሦስት ላይ እግራችሁና ሙዚቃው ከተጣሉ አትደንግጡ፤ ትክክል እየሄዳችሁ ነው።